መሰላሉ ወዴት ያወጣል?

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ለመሆን ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል? አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ዲግሪ፣ ቀጥሎ የሙያ ፈቃድ፣ ከዚያ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት፣ በላዩ ደግሞ ፈተና። ይኼን ሁሉ ያለፈ ነርስ ሕመም መርምሮ መድኃኒት ያዛል።

በእኛስ አገር? አማኑኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1991 ሥልጠናውን ሲጀምር፣ ነርስ የሆነ ሰው አንድ ዓመት ያህል ተምሮ ወደ ክፍለ ሀገር ይላክ ነበር። እዚያም ሐኪም ስለሌለ እሱ መርማሪ፣ እሱ መድኃኒት አዛዥ፣ እሱ ቤተሰብ አስታራቂ ሆነ። ይኼን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንኳ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ሸክሙን የተሸከሙት እነዚህ ነርሶች ናቸው።

እኔን የከነከነኝ ከዚያ ወዲህ የተሠራው መሰላል ነው። ዲግሪው መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ጎንደርና ጅማ ማስተርስ ከፈቱ። ደግ ነው። ግን እስቲ ነገሩን ከጂንካ ወጣ ብላ ካለችው ከገዘር ሆነን እንየው። አንዲት የአሪ ልጅ ነርስ ሆነች እንበል። እያንዳንዱ እርከን ከቀዬዋ ያርቃታል፤ ላይ ስትደርስ ደመወዙም እድገቱም ያለው ከተማ ነው። በእሷ ቦታ ከሩቅ የተመደበ ወጣት ይመጣል፤ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ አሪኛ ግን አይሰማም።

ታዲያ ምን ይጠበስ ትሉ ይሆናል። ወባ የያዘው ሰው ባይናገር ደሙ ይናገርለታል። የአእምሮ ሕመም ምርመራው ግን ራሱ ንግግር ነው። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ላለ ሰው የሆድ መድኃኒት አይሰጥም፤ አማርኛ አፍ የፈታን ሁሉ ይኼን እናውቃለን። የአሪ ወይም የሐመር ሰው ሲከፋው «ባር ባር» የሚለው የትኛው አካሉ ነው? (ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለው ጥያቄ ያባንነዋል።) ደግሞም «ድምፅ ይሰማሃል?» ሲባል «ደንቆሮ ነኝ እንዴ!» ብሎ የሚቆጣ ገበሬ አለ። አስተርጓሚው «አዎ፣ ይሰማዋል» ብሎ ቢያሳልፈውስ? ካርዱ ላይ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚታዘዘውም ሌላ ይሆናል። አስተርጓሚው ባል ከሆነ ደግሞ፣ ሚስት ስለ ባሏ ምን ብላ ትናገር?

ጂንካ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሥልጠናው እዚያው ቢሰጥ፣ ለመግባት የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ ነጥብ ቢያሰጥ፣ ልምምዱም በጂንካ ሆስፒታልና እስከ ገዘር ባሉት ጤና ጣቢያዎች ቢሆን ምን ይጎዳል? ጥራት ይወርዳል የሚሉ አይጠፉም። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ ከባዱና ዓይነተ ብዙው ሕመም የሚታየው አማኑኤል ነው። እንግዲያው ለጥቂት ወራት እዚያ ይላኩ፤ አይተው ይመለሱ። የመጨረሻው ፈተና ግን ታማሚው ፊት፣ በታማሚው ቋንቋ ይሁን፤ ከፈታኞቹም ቢያንስ አንዱ አሪኛ የሚሰማ ይሁን።