በምንቃር የተሸመነ

ሥራው የሚጀምረው በአንዲት ንክሻ ነው። ፊቱ ጥቁር፣ ደረቱ ቢጫ፣ ዓይኑ ቀይ የሆነው አውራ ወፍ ረጅም የሣር ቅጠል ላይ ያርፍና ከግርጌው አካባቢ ጠርዙን በምንቃሩ ይበጣዋል። ከዚያ የተበጣውን ጫፍ አጥብቆ ነክሶ ይበራል። ቅጠሉም ጅማቱን ተከትሎ ይተለተላል። ወፉ ከቁመቱ የሚረዝም፣ ከላይ እስከ ታች ወርዱ እኩል የሆነ አረንጓዴ ክር ይዞ ወደ ዛፉ ይመለሳል። ሸንበቆውንም ዝሆኔ ሣሩንም የሚተለትለው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የዘንባባ ቅጠልም አያመልጠውም። ክሩን የሚቆርጥለት የራሱ የበረራ ጉልበት ነው። ከብዙ የእጅ ሥራዎች ይልቅ ይህችን አንዲት እንቅስቃሴ ብመለከት እመርጣለሁ፤ አንድም የባከነ ነገር የለባትምና።

በባሕር ዳር ከግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ወደ ጣና ዳር የሚወርድ ሰው፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ወደ ውኃው ባዘነበሉ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ክብ ጎጆዎች ተንጠልጥለው ያያል። አንዱ ዛፍ ብዙ ጎጆ ይሸከማል፤ ጫጫታው ከሩቅ ይሰማል። ቅርንጫፉ ቀጭን፣ ከሥሩ ያለውም ውኃ መሆኑ እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ እባብ በቀላሉ አይደርስበትም። ሸማኔ ወፍ የምንለው ይህ ወፍ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በሰፊው ይኖራል። የእኛ አገሩን ዝርያ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ግሜሊን እ.ኤ.አ. በ1789 በአቢሲኒያ ስም መዝግቦታል። በሐይቁ ዳር በየክረምቱ የሚሠራውን ግን ቆሞ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

ክሩን ይዞ ከመጣ በኋላ ምን እንደሚያደርግ በትዕግሥት መከታተል ያስፈልጋል፤ እጁ ፈጣን ነው፤ እጅ ካልነው ማለቴ ነው። የክሩን አንድ ጫፍ በእግሩ ከቅርንጫፉ ጋር ረግጦ ይይዛል። ሌላውን ጫፍ በምንቃሩ በቅርንጫፉ ዙሪያ ያዞረዋል፤ በታች አሳልፎ በወዲያኛው በኩል ይቀበለዋል። ከዚያ ምንቃሩን እያንቀጠቀጠ ጫፉን በራሱ ክር ሥር ይወጋና ይስበዋል። ቀጥሎ የሚያደርገው ነው እኔን የሚያስደንቀኝ፤ አቅጣጫውን ይገለብጣል። ወደ ቀኝ የጠመጠመውን ወደ ግራ ይመልሰዋል። በአንድ ወገን ብቻ የተጠመጠመ ነገር ነፋስ ሲያወዛውዘው ውሎ አድሮ ይላላል፤ እየተመላለሰ የተጠመጠመ ግን ሲሳብ ይብሱን ይጠብቃል። ከዛፍ ሥር ወድቆ ያገኘሁትን ጎጆ ይዤ አንዱን ክር ለመምዘዝ ሞክሬ ነበር። ክሩ ተበጠሰ እንጂ አልተመዘዘም።

እነዚህን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ የለዩት አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ኒኮላስ ኮሊያስና ኤልሲ ኮሊያስ ናቸው። ወፉን አፍሪካ ድረስ መጥተው አይተውታል፤ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በሰፋፊ የወፍ ቤቶች ውስጥ አርብተው ዓመታት አጥንተውታል። በሥራው ውስጥ ግማሽ ቋጠሮ፣ ሙሉ ቋጠሮ፣ ጥምዝ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ቀለበት፣ ሸምቀቆም ጭምር አግኝተዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ለዘር መልቀሚያ የተፈጠረ አጭር፣ ወፍራም ምንቃር ነው።

የእኛ ሸማኔ ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ነው የሚሠራው። ይህ ወፍ የተወጠረ ድር የለውም። አንዱ ክር አሁን ድር ይሆናል፣ ጥቂት ቆይቶ ለሌላው ማግ ይሆናል። ጨርቁም ዝርግ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ክብ ሆኖ ነው የሚያድገው። ታዲያ ልኩን በምን ይጠብቃል? በገላው ነው። መጀመሪያ በመንታ ቅርንጫፍ መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ሥራው እስኪያልቅ የሚቆመው በዚህ ቀለበት ግርጌ ነው፤ የቆመበትን አቅጣጫም አይለውጥም። ወደ ፊት አንገቱ እስከደረሰ ድረስ እየሸመነ ይሄዳል፤ ይህ የእንቁላሉ ክፍል ይሆናል። ያ ሲያልቅ ዞር አይልም፤ እዚያው እንደቆመ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ በአናቱ ላይ እያሳለፈ የመግቢያውን ክፍል ይሸምናል፤ በሩንም ወደ መሬት ያደርገዋል። አንድ ዛፍ ላይ ያሉ ጎጆዎች መጠናቸው የሚቀራረበው ለዚህ ነው፤ የሁሉም መለኪያ ከአንድ ቦታ ቆሞ ምንቃር የሚደርስበት ርቀት ነው።

ቀለበቱም ሥራው ሲያልቅ ከንቱ አይቀርም። ግርጌው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ደፍ ሆኖ ይቀራል። ነፋስ ቅርንጫፉን ሲያወዛውዘው እንቁላሎቹ ወደ በሩ እንዳይንከባለሉ የሚያግዳቸው ይህ ደፍ ነው። ለመቆሚያ የተሠራው ነገር የቤቱ ዋና መከላከያ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አሠራር በሰው እጅ ሥራ ባየው ባለሙያውን ፈልጌ እጁን እጨብጠው ነበር።

ጣሪያው ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ሽመና የቱንም ያህል ቢጠብቅ ዝናብ ያሳልፋል፤ የጣና ክረምት ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ ወፉ ከጣሪያው በታች፣ ከውስጥ በኩል፣ አጠር ያሉና ሰፋ ያሉ የቅጠል ቁርጥራጮችን ይሰካል። እነዚህን አይሸምናቸውም፤ አንዱን በሌላው ላይ ይደርባቸዋል። ይህ ክዳን ዝናቡንም የቀትሩን ፀሐይም ይመክታል። አንዱ ሥራ ሽመና፣ ሌላው ክደና ነው፤ ወፉ ሁለቱን አያምታታም፤ ለየትኛው ረጅም ክር፣ ለየትኛው ሰፊ ቁራጭ እንደሚያስፈልግ ለይቶ ያመጣል። ልምድ ያለው አውራ ሁኔታው ከተመቸው የውጭውን አካል በአንድ ቀን ያቆመዋል።

ከዚያ ፈታኟ ትመጣለች። አውራው ከበሩ ሥር ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሎ ክንፎቹን እያርገበገበ ይጣራል፤ የክንፉ ውስጥ ቢጫ ስለሆነ ከሩቅ ያበራል። እንስቷ ትገባለች፤ ውስጡን ታያለች፤ ክሮቹን በምንቃሯ እየጎተተች ትፈትናለች። የምትቀበለው ትኩሱን፣ ገና አረንጓዴውን ነው። ቅጠሉ ደርቆ ቡናማ ከሆነ፣ ጥንካሬውም ቀንሷልና፣ ትታው ትሄዳለች። እንስት ያላገኘ ጎጆ ሲሰነብት ራሱ ሠሪው ያፈርሰዋል፤ በዚያው ቦታ አዲስ ይጀምራል። ብዙ የደከመበትን ሥራ በገዛ ምንቃሩ ክር በክር ሲፈታው ማየት ልብ ይነካል። ከተቀበለችው ግን እሷ የውስጡን ታሰናዳለች፤ ለስላሳ የሣር ዘለላና ላባ ታነጥፋለች። እሱም በሩ ላይ አጭር መግቢያ ያክልበታል፤ ከዚያ ሌላ ጎጆ ይጀምራል፤ በአንድ ወቅት ከአንድ በላይ እንስት ሊኖረው ይችላልና።

ብዙ ሰው «ይህማ በደመ ነፍስ ነው፤ ሲወለድ ይዞት የመጣው ነው» ይላል። በከፊል እውነት ነው። ኮሊያሶች በወፍ ቤታቸው ያገኙት ግን ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ያሳያል። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ለሽመና የሚሆን ትኩስ ቅጠል የተከለከሉ ወንዶች፣ አድገው ቅጠሉ ሲሰጣቸው መጀመሪያ ላይ መሸመን አቃታቸው። መያዝ ያውቃሉ፣ መውጋትም ይሞክራሉ፤ ክሩ ግን አይቆምላቸውም። ከሳምንታት ልምምድ በኋላ እየተሻላቸው መጣ፤ ሆኖም እንደልባቸው ቅጠል ሲነጩ ያደጉትን እኩዮቻቸውን አልደረሱባቸውም። በዱርም ጎረምሳ ወንዶች የሚሠሩት ላላ ያለ፣ ቀዳዳው የበዛ፣ እንስት የማትገባበት መለማመጃ ነው። በቦትስዋና በሌላ የሸማኔ ወፍ ዝርያ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናትም አንዱ ወፍ እንኳ ጎጆዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደማይሠራ፣ ልምድ ሲያገኝም ከምንቃሩ የሚወድቅበት ሣር እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። በጣና ዳር ዛፎች ላይ የተዝረከረከ፣ ግማሽ የተሠራ፣ ቅርጹ የተጣመመ ጎጆ ያየ ሰው የሰነፍ ሥራ ነው ብሎ አይናቀው፤ ትምህርት ቤት ነው።

ወፍ ለሚያረባ ሰው፣ ሙያው ልምምድ መጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚረቡት ትንንሽ ወፎች መካከል አንዷ የጃፓን ድርጭት ናት። ለእንቁላሏ ሲባል ከትውልድ ትውልድ ተመርጣ፣ ዛሬ ለማዳዋ ድርጭት እንቁላሏን ታቅፋ መፈልፈሉን ከሞላ ጎደል ትታዋለች፤ ማስፈልፈያ መሣሪያ ይሠራላታል፤ በ17 ወይም በ18 ቀን ይፈለፈላል። የዱር ዘመዷ ድርጭት ግን፣ እህል ማሳችን ውስጥ ቱር ብላ የምታስደነግጠን፣ መሬት ጫር ጫር አድርጋ፣ ጥቂት ደረቅ ሣር አንጥፋ፣ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ሙያ ካልተሠራበት ይሞታል። ሸማኔ ወፍን ጥሬና ውኃ ብቻ ሰጥቶ በሽቦ ቤት ያስቀመጠ ሰው ወፉን አቆየው እንጂ ሙያውን አላቆየም። ኮሊያሶች ያረቧቸው ወፎች ጎጆ የሠሩት፣ እንቁላል የጣሉትና ጫጩት ያሳደጉት፣ ቦታው ሰፊ፣ ትኩሱም ቅጠል የማይቋረጥ ስለነበረ ነው።

ስለ እንቁላሉም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዷ እንስት ነጭ ትጥላለች፤ ሌላዋ ሰማያዊ አረንጓዴ፤ ሦስተኛዋ ነጠብጣብ ያለበት። የእያንዳንዷ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ምክንያቱ ዲዴሪክ የምትባል፣ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ የምትጥል ኩኩ ናት። እናቲቱ የራሷን ቀለም ታውቀዋለች፤ የማይመስለውን አውጥታ ትጥላለች። ይህች ኩኩ ወደሌለችባቸው ደሴቶች፣ ወደ ሂስፓኒዮላና ወደ ሞሪሸስ፣ በሰው እጅ የተወሰዱት ሸማኔ ወፎች ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ ዴቪድ ላህቲ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 አስታውቋል፤ በእንስቶቹ መካከል ያለው የቀለም ልዩነት ቀንሷል፤ የአንዷም እንቁላሎች እንደ ድሮው አንድ ዓይነት መሆናቸው ላልቷል። ጠላት በሌለበት የእንቁላሉም ጥበብ ላላ።

ገበሬው ይህን ሲያነብ ግሪሳን ማስታወሱ አይቀርም፤ ትክክልም ነው። በአዋሽ ሸለቆ ማሽላ ላይ እንደ ደመና የሚወርደው ግሪሳ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ እሱም ጎጆውን ይሸምናል። የጣናው ሸማኔ ወፍም እህል አይነካም አልልም። በሐይቁ ዳር፣ በከተማ ዛፍ ላይ ያለው መንጋ ግን የማንንም ጎተራ አያራቁትም፤ ጫጩቶቹንም በብዛት ነፍሳት እየለቀመ ነው የሚመግበው።

ለዚህ ሁሉ ሽመና ጥሬ ዕቃው የሚገኘው ከሐይቁ ዳር ነው። በሰከላ ከግሽ አባይ ምንጭ የሚነሣው ግልገል አባይ ወደ ጣና በሚገባበት በኩል፣ በሌሎቹም ረግረጎች፣ ደንገልና ሸንበቆው ለእርሻ ሲመነጠር ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ዳርቻውን ይዞታል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ምዝገባው ሸንበቆ አያበቅልም፤ ሸንበቆው እንዲበቅል የሚተው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ስለዚህ በሐይቁ ዳር ሆቴልና መናፈሻ ያላችሁ፣ የከተማዋንም ዘንባባ የምትከረክሙ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት መጋዙን አቆዩት፤ ቆሻሻ መስሏችሁ በእንጨት የምታወርዱት ጎጆ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ከግቢያችሁ ጥግም ትንሽ ዝሆኔ ሣር ሳይታጨድ ተዉለት። ለማየት የምትመጡም በጠዋት ኑ፤ አዲሱን፣ አረንጓዴውን ጎጆ ፈልጋችሁ ከሥሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ምንቃሩን ተመልከቱ።