መንገደኛ በየትኛው ሰፈር ይደር? ስለ አዲስ አበባ ማረፊያ የሚሰጠው ምክር ከየካ አባዶ ሲታይ

ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በየትኛው ሰፈር ቢያድር ይሻለዋል ለሚለው ጥያቄ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሁለት መልስ ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። ገንዘብ ያለው ቦሌ ይደር፤ ገንዘብ ያነሰው ወይም የጥንት ነገር የሚወድ ፒያሳ ይደር የሚል ነው። ይህን ምክር በባሕር ማዶ በሚታተሙት የመንገደኛ መሪ መጻሕፍት እናገኘዋለን፤ በአየር ማረፊያው በር የቆመው ባለታክሲም ይደግመዋል፤ እኛም ራሳችን ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ወዳጃችን ሳናስብበት እንናገረዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዚህን ምክር ዋጋ ነው። የምንመረምርበትም ስፍራ ምክሩ ከቶ የማያስታውሰው የካ አባዶ ነው።

የካ አባዶን በመምረጣችን አንዳንድ አንባቢዎች «እዚያ የሚያድር መንገደኛ ማን ነው?» ብለው እንደሚጠይቁን አስቀድመን እናውቃለን። ጥያቄው ራሱ የክርክራችን መነሻ ስለ ሆነ አንሸሸውም።

በመጀመሪያ ለመሪ መጻሕፍቱ የሚገባቸውን ፍርድ እንስጥ። ፊሊፕ ብሪግስ ለብራድት ማተሚያ ቤት ያዘጋጀው የኢትዮጵያ መሪ መጽሐፍ መጀመሪያ በወጣ ጊዜ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1995 ማለት ነው፣ ስለ አገራችን መንገድና ማደሪያ ለእንግዳ የሚነግር ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነበረ። ሎንሊ ፕላኔትም ቢሆን ብዙ ሰው ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር መርቷል። እነዚህን መጻሕፍት መናቅ ውለታ ቢስነት ነው። ዳሩ ግን በልባቸው ይዘው የሚጽፉለት መንገደኛ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ይኸውም በቦሌ አየር ማረፊያ ገብቶ፣ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ወደ ሰሜን የሚበር ሰው ነው። ለዚህ ሰው ቦሌ እደር ማለት ስሕተት አይደለም። ከአውሮፕላን ወርዶ ሻንጣውን ሳይፈታ ሊያድር ይችላል፤ በ2011 ዓ. ም. የተከፈተው ስካይላይት ሆቴልም የተሠራው በአየር ማረፊያው ጐን ነው። የእኛ ነቀፌታ ለአንዱ መንገደኛ የሚበጀውን ምክር የመንገደኛ ሁሉ ምክር አድርጎ በማቅረባቸው ላይ ነው።

ደግሞም ምክሩ የተመሠረተባቸው ሁለቱ ስሞች ዛሬ ጸንተው አልቆሙም። ቦሌ የሚለውን ስም እንውሰድ። መንገደኛው በልቡ የሚያስበው ከመስቀል አደባባይ እስከ አየር ማረፊያው የተዘረጋውን ጐዳናና መድኃኔ ዓለምን ነው። ነገር ግን ቦሌ ሚካኤልም ቦሌ ነው፤ ቦሌ ቡልቡላም ቦሌ ነው፤ በከተማው ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለው የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየምም ቦሌ ይባላል። ስሙን ብቻ አይቶ ማረፊያ የተከራየ ሰው ከአየር ማረፊያው ወጥቶ ገርጂን፣ ጃክሮስን፣ ጎሮን አልፎ ሲጓዝ መታለሉን የሚያውቀው በጉዞው ላይ ነው። አከራዩ ግን አልዋሸም፤ ስሙ እውነት ነው። የየካም ነገር እንዲሁ ነው። የየካ ሚካኤልን የጥንት የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለማየት የመጣ ሰው በስሙ ተመርቶ የካ አባዶ ቢያድር፣ በማግሥቱ ወደ መጣበት አቅጣጫ ረጅም መንገድ መመለስ ይኖርበታል። የካ አባዶ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንኳ አይደለም፤ በ2013 ዓ. ም. ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለተቋቋመው ለለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሆኗል፤ ስሙ ግን እንደ ነበረ ቀርቷል።

ፒያሳማ የባሰ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል፣ ምንም እንኳ በ2007 ዓ. ም. እሳት ቢጐዳው፣ እስከ ዛሬ አለ። በዙሪያው የነበረው አሮጌ ሰፈር ግን በ2016 ዓ. ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አብዛኛው ፈርሷል፤ ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው አያገኘውም። በ2017 ዓ. ም. ደግሞ ካዛንቺስ ተከተለ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዞ «ርካሽ ማደሪያ ከዚህ ማዕዘን በስተቀኝ» የሚለውን የሚያነብ መንገደኛ በስተቀኙ የሚያየው ሰፊ አስፋልትና አዲስ የተተከለ ሣር ነው። መጽሐፉ ሳያረጅ ከተማው ቀደመው። ይህን በደራሲው ላይ እንደ ጥፋት አንቈጥርበትም፤ ይሁን እንጂ በሰፈር ስም ላይ የተመሠረተ ምክር ምን ያህል ቶሎ እንደሚሻግት ያሳየናል።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ብለን ሰፈር የሚለውን ቃል ብናየው ይጠቅማል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. በተቈረቈረች ጊዜ ሰፈር ማለት በቃሉ እንደምንሰማው የሠራዊት ማረፊያ ነበረ። እያንዳንዱ መኰንን በተሰጠው ኰረብታ ላይ ከነጭፍራው ሰፈረ፤ የራስ ብሩ ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር እየተባለ በሰው ስም ተጠራ። በዚያ ዘመን መንገደኛ «የት ልደር?» ብሎ አይጠይቅም፤ «የአገሬ ሰው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። የአገሩን ሰው ካገኘ ሰፈሩ ተገኘ። ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል «ቤት ለእንግዳ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ኋላ ጣሊያን መጥቶ ፒያሳንና ካዛንቺስን በራሱ ቋንቋ ሰየመ፤ ከነጻነት በኋላም ሆቴሎች በረከቱ፤ በዚህም ጊዜ ሰፈርን በሰው መምረጥ ቀርቶ በዋጋ መምረጥ ተጀመረ። መሪ መጻሕፍቱ የተከተሉት ይህን ሁለተኛውን ልማድ ነው፤ የመጀመሪያውን ግን አያውቁትም። የመጀመሪያው እንዳልሞተ የሚያስረዳን ደግሞ የካ አባዶ ነው።

የካ አባዶን ማንም አልመረጠውም። ይህን ስንል ለመሳደብ አይደለም። ከ1997 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ በተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ሰው ተመዝግቦ፣ ቈጥቦ፣ ዕጣውን ይጠባበቅ ነበር፤ የሚኖርበትን ሰፈር የሚወስንለት ዕጣው ነው። በ2007 ዓ. ም. በወጣው 10ኛ ዙር ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ሲተላለፉ የካ አባዶ ከዋነኞቹ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። መርካቶ ተወልዶ ያደገውና ኮተቤ ያስተማረችው፣ ነርሱና ጡረተኛው፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጐረቤቶች ሆኑ። እርግጥ ብዙ ባለ ዕጣዎች የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ፤ ተከራዩም ዕጣ ሳይሆን የኪራይ ዋጋ ያመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ሁሉን ለዕጣ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው። ከየትኛውም ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ከብዙዎቹ ብሎኮች በአንዱ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ አያጣም። በየቀኑ የሚያድረውም መንገደኛ ይህ ነው፤ ለሕክምና የመጣ አባት፣ ለፈተና የመጣች ተማሪ፣ ለክርክር ጉዳይ የመጣ ገበሬ፣ ከአሜሪካ መጥታ ከእኅቷ ዘንድ ያረፈች ሴት። በሆቴል መዝገብ ስለማይጻፉ መንገደኛ ናቸው ብሎ የሚቈጥራቸው የለም።

አሁን ከመካከላችን በአንዱ ቤተ ሰብ የደረሰውን እንናገር፤ ጥያቄው የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳልና። አጎቱ ከደሴ የመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በመሀል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ጠዋት በ2 ሰዓት ቀጠሮ ነበራቸው። ሴት ልጃቸው የካ አባዶ በ4ኛ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ክፍል ያለው ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የደሴ መንገድ በሰንዳፋና በለገጣፎ በኩል ስለሚገባ ሽማግሌው እስከ ላምበረት መናኸሪያ ሳይሄዱ በጣፎ ወርደው በጥቂት ጊዜ ከልጃቸው ቤት ደረሱ። ቱሪስቱ የከተማው ዳር የሚለው ለወሎና ለሰሜን ሸዋ ሰው ደጅ ነው፤ ይህን አንድም መሪ መጽሐፍ ላይ አላነበብንም። በዚያች ሌሊት እንግዲህ ከየካ አባዶ የሚሻል ማረፊያ አልነበራቸውም። እግራቸውን ታጠቡ፤ እራት በልተው ተኙ።

በማግሥቱ ነገሩ ተገለበጠ። ሊፍት የሌለውን ደረጃ በጨለማ ወረዱ፤ በ11 ሰዓት ከሌሊቱ ታክሲ ለመያዝ ቆሙ፤ ሰልፉ ረጅም ነበረ። በአያት፣ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ አድርገው መገናኛ ሲደርሱ ነግቶ መንገዱ ተዘግቷል። ተራቸው ካለፈ በኋላ ደረሱ፤ ቀጠሮውም ለሁለት ቀን ተላለፈ። በዚያ ማታ ልጅቱ በጀሪካን ውሃ ስታመላልስ ካዩ በኋላ (ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው) «ልጄ፣ ቤትሽ መልካም ነው፤ መንገድሽ ነው የከፋ» አሏት። «አባዬ፣ እኔስ በየቀኑ አይደል የምመላለሰው?» አለቻቸው። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም ይባላል። ለሁለተኛው ቀጠሮ በዋዜማው በመሀል ከተማ አንድ ፔንሲዮን ተከራዩ፤ ሌሊቱን በጭፈራ ድምፅ እንቅልፍ አጡ፤ የከፈሉት ገንዘብም ለጡረተኛ ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን በሰዓቱ ደረሱ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው እኒህ ሰው በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ሰፈር ያስፈልጋቸው እንደ ነበረ ነው። «ቦሌ ወይስ ፒያሳ?» የሚለው ምክር ለአንዱም አልጠቀማቸውም። ወዳጆቻችን እንኳ ከመጽሐፉ አልተሻሉም፤ አንዱ «ዘመድ እያለ ሆቴል ነውር ነው» አለ፤ ሌላው «አባዶ ገጠር ነው፣ ለምን ወሰዳችኋቸው?» ብሎ ተቈጣ። «ቀጠሮው በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ባቡሩን የሚጠቅስልን ተከራካሪ ይኖራል። በ2008 ዓ. ም. የተከፈተው የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛና በስታዲየም በኩል እስከ ጦር ኃይሎች ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህን ይዞ ሩቅ ሰፈር ሩቅ አይደለም ሊል ይችላል። በካርታው ላይ እውነት ነው። ዳሩ ግን ሐዲዱ የሚያልቀው አያት ነው፤ ከአያት እስከ አባዶ ያለው ለታክሲና ለአውቶቡስ የተተወ ነው። በ2015 ዓ. ም. ደግሞ ከ41 ባቡሮች በሥራ ላይ የነበሩት ጥቂቶች ብቻ ስለ ነበሩ መንገደኛ በጣቢያ ቆሞ የሚጠብቀው ጊዜ የቀን ተቀን ሮሮ ሆኖ ነበር። ካርታ ርቀትን እንጂ መጠበቅን አያሳይም።

በራሳችን አሳብ ላይም አንድ ነቀፌታ እንጨምር። ከላይ ስለ «ቤት ለእንግዳ» በጻፍነው ጊዜ በደስታ ጻፍነው፤ ነገር ግን የጥንቱ አስተናጋጅ ጭፍራና ሰፊ ግቢ ነበረው። የዛሬዋ አስተናጋጅ አንድ ክፍል፣ ሦስት ጀሪካንና ጠዋት የምትገባበት ሥራ ነው ያላት። እንግዳው አልጋዋ ላይ ሲተኛ እርሷ ወለል ላይ ፍራሽ ትዘረጋለች። ዘመድ ቤት ማረፍ ያለ ዋጋ ነው የሚል ሰው ዋጋውን ሌላ ሰው እንደሚከፍለው ዘንግቷል። በብሎኮቹ መካከል ለሠርግና ለኀዘን የሚያገለግል የጋራ ሕንጻ ተሠርቷል፤ ለነዋሪዎች እንግዶች በተራ የሚከራይ ጥቂት አልጋ በዚያው ቢኖር ምን ይከለክላል? ይህን ለቤቶቹ ማኅበራት እንተወዋለን፤ በግላችን ግን ለሃምሳ ቤት አንድ ንጹሕ የእንግዳ ክፍል ከብዙ ፔንሲዮን ይበልጣል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ መሪ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው፣ የአገር ተወላጅም ይሁን የውጭ፣ ስለ አንድ ሰፈር ሊነግረን የሚገባው ስለ ቡና ቤቱ ውበት ብቻ አይደለም። በየትኛው በር ለሚገባ መንገደኛ እንደሚቀርብ፣ ከንጋቱ በፊት ተሽከርካሪ መኖሩን፣ ማታ የመጨረሻው ታክሲ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ደረጃው ስንት እንደ ሆነ ይንገረን። ለየካ አባዶ ይህን ዝርዝር ለማዘጋጀት ሞክረን ነበር። ሌላውን ከነዋሪዎች ጠይቀን አገኘን፤ የመጨረሻውን ታክሲ ሰዓት ለማወቅ ግን አንድ ማታ መገናኛ ሄደን፣ ረዳቶቹ «አያት! ጣፎ! አባዶ!» እያሉ በሚጣሩበት ቦታ ተራ የሚያስከብረውን ሰው ጠየቅነው። ወረቀታችንንና እርሳሳችንን ተመለከተና «ሰው እስካለ መኪና አለ» አለን። መኪና እስኪገኝ ድረስ ከእርሱ ኋላ የተሰለፉትን ቈጠርን፤ ሰባ ሦስት ነበሩ።