ቋሊማን በቢራ መቀቀል፦ ምስጋናው ለቢራው ነው ወይስ ለውሃው?

«ቋሊማውን መጀመሪያ በቢራ ቀቅለው፣ ከዚያ ፍም ላይ ጥበሰው።» በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ቋሊማ የሚጠብስ ሰው ይህን ምክር አልሰማም ማለት ይከብዳል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ቢራው ሥጋውን ያለሰልሰዋል፣ ጣዕሙ እስከ መሃል ይገባል፣ አልኮሉ ተኖ ያልቃል፣ የከሰል ጥብስ የሚያመጣውንም ጉዳት ይቀንሳል። አራት ተስፋ በአንድ ድስት!

እስቲ አራቱንም አንድ በአንድ እንፈትሻቸው። ምክሩን ለማጣጣል አይደለም። የትኛው እውነት እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ውሃው ሠርቶት ቢራው የተመሰገነበት እንደሆነ ለመለየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ እንበል። ዊስኮንሲን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ጀርመናውያን ስደተኞች የሰፈሩባት ግዛት ናት። ይዘዋቸው ከመጡት ሙያዎች መካከል ቢራ መጥመቅና ብራትቩርስት የሚባለውን ቋሊማ መሥራት ይገኙበታል። የሚልዋውኪ ከተማ እንደ ፓብስት፣ ሽሊትዝና ሚለር ባሉ የቢራ ፋብሪካዎቿ ከመታወቋ የተነሳ የቤዝቦል ቡድኗ ስም ራሱ «ጠማቂዎቹ» ነው። ከእሷ በስተሰሜን በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያለችው ሼቦይጋን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የምታከብረው የብራትቩርስት ቀን አላት። የሚገርመው፣ በዚችው በሼቦይጋን ቀድሞ መቀቀልን የማይወዱ ብዙ ናቸው። ጥሬውን ቋሊማ በቀጥታ ከሰል ላይ ቀስ ብለው ይጠብሱታል። ስለዚህ ክርክሩ የባለሙያና የጀማሪ አይደለም፤ እዚያው በባለቤቶቹ መካከል ያለ ክርክር ነው።

ተስፋ አንድ፦ «ሥጋውን ያለሰልሰዋል»

ይኼኛው ገና ሲጀመር ችግር አለበት። ቋሊማ የተፈጨ ሥጋ ነው። ረጃጅሞቹን የጡንቻ ክሮች የቆራረጠው የሥጋ መፍጫው ስለሆነ ቢራው የሚያለሰልሰው ብዙም ነገር አልቀረለትም።

ታዲያ የተቀቀለው ቋሊማ የተሻለ የሚመስለው ለምንድን ነው? መልሱ ሙቀት ነው። ፍም ላይ የተጣደ ቋሊማ ውጩ በፍጥነት ከ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲደርስ መሃሉ ገና ጥሬ ሊሆን ይችላል። ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ማለት ይኼ ነው። ይህ ደግሞ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የተፈጨ የበሬም ሆነ የአሳማ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። ድስት ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግን የቱንም ያህል እሳት ብትለቁበት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ላዩ ሳያርር መሃሉ ይበስላል።

ልብ በሉ፦ ቢራ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ይህን ሥራ ተራ ውሃም እኩል ይሠራዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ድስቱ ከተንፈቀፈቀ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። የሥጋ ፕሮቲኖች ከ50 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ እየተኮማተሩ ይሄዳሉ፤ 70ን እያለፈ በሄደ ቁጥር ውሃቸውን እንደተጨመቀ ጨርቅ ይለቃሉ። ሽፋኑ የተሠራው ከአንጀት ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ኮላጅንም ሲሞቅ ይሸበሸባል። ውስጡ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይጠባል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል። ስቡና ጭማቂው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ፈሳሹ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ትንሽ አረፋ ብቅ ሲል ጥሩ ነው። ቋሊማውን በሹካ መውጋትም አያስፈልግም።

ተስፋ ሁለት፦ «ጣዕሙ እስከ መሃል ይገባል»

ሙቀትና ጣዕም ሥጋ ውስጥ የሚጓዙበት ፍጥነት በጣም የተለያየ ነው። ሙቀት ከጨው ከ100 እጥፍ በላይ በተሻለ ይሰራጫል። እንደ ጨው ያለ ትንሽ ነገር እንኳ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚጓዘው በግምት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ለቢራ ቀለምና መራራነት የሚሰጡት ሞለኪውሎች ደግሞ ከጨው ይልቃሉ፤ ሽፋኑንም ማለፍ አለባቸው። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቋሊማ መሃሉ ሲበስል ቢራው ገና በር ላይ ቆሟል።

እንዲያውም ትልቁ ጉዞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ቋሊማው ጨውና ቅመም ሞልቶበታል፤ ቢራው ውስጥ ግን ጨው የለም ማለት ይቻላል። ማንኛውም የሚሟሟ ነገር ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሚሄድ፣ ጨውና ቅመሙ ወደ ድስቱ ይወጣል። ቋሊማው ቢራውን ያጣፍጠዋል እንጂ ቢራው ቋሊማውን አያጣፍጠውም ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፈሳሹ ላይ ጨው መጨመር።

ሽታውስ? ቢራ ሲፈላ ቤቱን የሚሞላው ደስ የሚል መዓዛ ከድስቱ የወጣ መዓዛ ነው። አፍንጫችሁ ጋ የደረሰው ቋሊማው ውስጥ አልቀረም። ወደ ኋላ የሚቀረው የማይተነው ነው፤ ከእሱም አንዱ መራራነቱ ነው። ጠላን ጌሾ እንደሚያመርረው ቢራን የሚያመርረው ሆፕ የሚባል ተክል ነው፤ የሆፕ መራራ አሲዶች ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር አይሄዱም። አንድ ሊትር ቢራ ግማሽ ሊትር እስኪሆን ከፈላ፣ የቀረው ፈሳሽ መራራነት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በጣም መራራ የሆኑ ቢራዎች ለዚህ ሥራ የማይመቹት በዚህ ምክንያት ነው።

ለቢራው ፍትሐዊ እንሁን፦ ሽፋኑ ላይ የሚቀረው የብቅል ጣዕም እውነተኛ ነው። አብሮት የተቀቀለው ሽንኩርትም ስስ ስለሆነ በደንብ ይጠጣዋል። «የቢራ ቋሊማ» ስትበሉ የምትቀምሱት ቢራ፣ አብዛኛው ከሽንኩርቱና ከላዩ የመጣ ነው።

ተስፋ ሦስት፦ «አልኮሉ ተኖ ያልቃል»

ከአራቱ ጠንከር ብዬ የምተቸው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ሰው አምኖት ይበላል። አልኮል ብቻውን በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች «ውሃው ሳይፈላ አልኮሉ ሄዷል» ይላሉ። ነገር ግን አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ ተለያይተው አይተኑም፤ አብረው ነው የሚሄዱት፤ አልኮሉም ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ በአንዴ አይጠፋም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ አልኮል ያለበት ምግብ ለ15 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ሲንተከተክ 40 በመቶው አልኮል ይቀራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም 5 በመቶ። የድስቱ ስፋትና ክዳኑ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

እናስላው። 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር አልኮል አለ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 20 ሚሊ ሊትሩ ገና ድስቱ ውስጥ ነው። አብዛኛው የሚገኘው በፈሳሹ ነው፤ ቋሊማው ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው፤ ማንም ቋሊማ በልቶ አይሰክርም። ሆኖም «ትንሽ» እና «ምንም» አንድ አይደሉም። በሃይማኖቱ፣ በሚወስደው መድኃኒት ወይም መጠጥ ለማቆም እየታገለ በመሆኑ አልኮልን ጨርሶ ለተወ ሰው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንዲህ ላለ እንግዳ «ተኖ አልቋል» ብሎ ማቅረብ ያልተረጋገጠ ነገር በሰው ሳህን ላይ ማስቀመጥ ነው። እውነቱን መንገርና ምርጫውን ለእሱ መተው ይገባል።

ተስፋ አራት፦ «የከሰሉን ጉዳት ይቀንሳል»

እዚህ ላይ ከኋላው ጥናት አለ፤ ግን ሌላ ጥናት ነው። ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ ውሕዶችን ይዞ ሥጋው ላይ ያርፋል። በፖርቱጋል የፖርቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ጨምሮ አንድ ቡድን በ2014 ባሳተመው ሥራ፣ ጥሬ የአሳማ ሥጋ ለ4 ሰዓት ቢራ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከሰል ላይ ሲጠበስ፣ ጥቁር ቢራ ስምንት ዋና ዋና ውሕዶችን በ53 በመቶ ቀንሷል። ፒልስነር የሚባለው ፈዛዛ ቢራ ግን የቀነሰው በ13 በመቶ ብቻ ነው።

ልዩነቱን አያችሁት? ጥናቱ ያየው መዘፍዘፍን ነው፣ መቀቀልን አይደለም። ሙዳ ሥጋ ነበር፣ ሽፋን ያለው ቋሊማ አልነበረም። ውጤቱም እንደ ቢራው ዓይነት በጣም ተለያይቷል። ከዚህ ተነስቶ «የተቀቀለ ቋሊማም እንዲሁ ነው» ማለት ሳይለኩ መዝለል ነው። ቀድሞ መቀቀል የሚረዳበት ሌላ መንገድ ግን አለ፦ ቋሊማው በስሎ ስለሚመጣ ፍሙ ላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለጭሱ የሚጋለጥበት ጊዜ ያጥራል። ይህም ቢሆን የውሃው ሥራ ነው።

መቀቀል የሚያስከፍለውም ዋጋ አለ። የጥብስን ቡናማ ቀለምና ጣዕም የሚሰጠው የማያር ምላሽ በፍጥነት የሚሄደው ላዩ ደርቆ ከ140 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው። ቤታችሁ ሽንኩርት ሲቁላላ አይታችሁ ከሆነ፣ ውሃው ሳያልቅ እንደማይቀላ ታውቃላችሁ። ከድስት የወጣ እርጥብ ቋሊማም እንደዚያው ነው። በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁት ወደ ፍሙ ውሰዱት።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው?

ቀድሞ መቀቀሉ ጥሩ ምክር ነው፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን አብዛኛው የተሳሳተ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ዋናውን ሥራ ይጨርሳል። የቢራውን ጣዕም የሚወድ አዋቂ መጀመሪያ ላይ ከሚያፈስሰው ይልቅ፣ ቋሊማው ከተጠበሰ በኋላ ከቅቤና ከሽንኩርት ጋር መረቅ ቢያደርገው የበለጠ ያተርፋል።

ቃሌን ብቻ አትመኑ። አልኮል በሌለው ቢራና በጨው ውሃ የበሬ ቋሊማ ቀቅላችሁ ጥበሱ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙቀት፣ አንድ ዓይነት ደቂቃ። ሽንኩርት አትጨምሩ። ከዚያ ለአንድ ዓይኑ ለተሸፈነ ሰው ሦስት ቁራጭ ስጡት፤ ሁለቱ ከአንዱ ድስት፣ አንዱ ከሌላው ይሁን። የተለየውን ያግኝ። በግምት ብቻ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያገኛል። ከ12 ሙከራ 8ቱን ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ለማለት ጥሩ መነሻ አላችሁ። 4 ወይም 5 ብቻ ካገኘ ግን፣ ለቢራው ያወጣችሁት ገንዘብ በእንፋሎት ሄዷል።