ደነዝ ጫፍ

የመጀመሪያዋን ወፍ ያሳጣኝ የፍላጻዬ ሹልነት ነው። ቦታው ሰሜን ሚኒሶታ፣ የአስፐን ጫካ ውስጥ ነው፤ ወሩም መስከረም፣ አገር ቤት አደይ የሚፈነዳበት ወቅት። ራፍድ ግራውስ የሚሏት የቆቅ ዘመድ 12 እርምጃ ያህል ርቃ የወደቀ ግንድ ላይ ቆማለች። አየችኝ፤ አልበረረችም። አውታሩን ለቀቅሁ፤ መታኋት። ፍላጻው ሰውነቷን በስቶ አለፈና ከኋላዋ ያለው ዛፍ ላይ ተሰካ። እሷ ተነሥታ በረረች። እስኪመሽ ፈለግኋት፤ ከጥቂት ላባ በቀር ምንም አላገኘሁም። ቆስላ የትም መሞቷን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል።

የሚያሳዝነው፣ ነገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። ማማ ላይ ቆሜ ማሽላ ከወፍ ጠብቄአለሁ። የወንጭፍ ድንጋይ ስለት የለውም፤ የመታውን ግን ባለበት ያስቀረዋል። ቀስት ስገዛ ይህን ረሳሁት፤ ሹል ነገር ሁሉ ብርቱ መሰለኝ። ለዒላማ መለማመጃ የሚሠራው ሹል ጫፍ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ይሄዳል። ለአጋዘን የሚሆነው ባለምላጭ ጫፍ ደግሞ ደም በማፍሰስ ይገድላል፤ ትንሽ ወፍ ላይ ሲያርፍ ሥጋውን ያበላሸዋል። ግማሽ ኪሎ ከፍ የምትል ወፍን የሚጥላት ምቱ ነው። ፍላጻው ጉልበቱን ሰውነቷ ላይ መጨረስ አለበት፤ በስቶ ካለፈ ጉልበቱን ይዞት ሄደ።

ስለዚህ ወደ ደነዙ ጫፍ ዞርኩ። የጎማም የብረትም አለ። በእንጨት ፍላጻ የሚያድኑ ሰዎች ደግሞ የ38 ሽጉጥ ባዶ ቀለህ ዘንጉ ጫፍ ላይ አጥልቀው በማጣበቂያ ያስሩታል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ይመታል። ችግሩ ከሳትኩ በኋላ ነው። ደነዝ ፍላጻ በረገፈው ቅጠል ሥር ሾልኮ ይገባና ይጠፋል። ግማሽ ቀን ፍላጻ ስፈልግ የዋልኩበት ጊዜ አለ።

ከዚህ የገላገለኝ ጁዶ የሚባለው ጫፍ ነው፤ ዝዊኪ የተባለው የሚኒሶታ ድርጅት ያወጣው። አፍንጫው ደነዝ ነው። ከአፍንጫው ኋላ አራት የሽቦ ክንዶች በስፕሪንግ ተይዘው ይዘረጋሉ። ፍላጻው መሬት ሲነካ ክንዶቹ ሣሩን ይይዙትና ይገለብጡታል፤ ላባው ወደ ላይ ቀና ብሎ ከሩቅ ይታያል። ወፏ ላይ ሲያርፍም እነዚሁ ክንዶች በስቶ እንዳያልፍ ያግዱታል። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምይዘው ይህንን ነው፤ ክብደቱ ከመለማመጃዬ ጋር እኩል እንዲሆን 125 ግሬን፣ ማለትም 8 ግራም ያህል።

ቅርንጫፍ ላይ ላለች ወፍ ግን ጫፉ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ላይ የተተኮሰ ፍላጻ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ለዚያ ፍሉ ፍሉ የሚባለውን፣ ላባው ሰፊና ያልተከረከመ ፍላጻ እጠቀማለሁ። ቅርብ ላለ ዒላማ ደህና ይሄዳል፤ ከዚያ ላባው አየሩን እየያዘ ያዘገየውና ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል። የዱር ተርኪ ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ትልቅ ወፍ ነው፤ ላባውም ወፍራም ነው፤ በደነዝ ጫፍ መምታት ማሠቃየት ስለሚሆን ምላጭ ያለው ጫፍ ግድ ነው።

ደነዙን የምወድበት አንድ የራሴ ምክንያትም አለኝ። ባርኬ ያላረድኩትን አልበላም። ጁዶ ክንፏ ሥር በደንብ ካረፈ ወፏ ደንዝዛ እዚያው ትወድቃለች፤ ያለኝ ጊዜ ግን በጣም አጭር ነው። ለዚህ ነው ከ15 እርምጃ በላይ የማልተኩሰው። ሞታ ካገኘኋት ለአሜሪካዊው ጎረቤቴ እሰጣታለሁ። ባለፈው መስከረም አንዷ ከግንድ ላይ ወደቀች፤ ሮጬ ደረስኩ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኳት። ፍላጻው ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ላባው ከሣሩ በላይ ቀና ብሎ ቆሟል።