ጭራቅ ሲዘፍን

የዛሬ ዘመን የቴአትር ደራስያን አንድ ልማድ አምጥተዋል፤ ይኸውም በጥንት ተረት ክፉ የተባለውን አውሬ ወደ መድረክ አውጥቶ፥ ለክፋቱ ምክንያት ፈልጎ፥ ሰሚ እንዲያዝንለት ማዘፈን ነው። እዚህ ሀና ማርያም አንድ የጎረቤት ተማሪ «ኤፒክ» የተባለውን የዘፈን ድራማ በስልኩ አሰማኝ። ደራሲው የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሆርሄ ሪቬራ ኤራንስ ነው፤ 40 ዘፈኖቹንም በ9 ክፍል ከፍሎ ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. አውጥቷቸዋል። ታሪኩን የወሰደው ከሆሜር ኦዲሴይ ነው።

በሆሜር መጽሐፍ ኦዲሴዩስና ጓደኞቹ ሳይጠሩ ባለ አንድ ዓይናው ፖሊፌሞስ ዋሻ ገብተው አይቡን ይበላሉ፤ እርሱም ሁለት ሁለት እያደረገ ስድስት ሰው ይበላባቸዋል። በአዲሱ ድራማ ግን ሰዎቹ አስቀድመው የሚወደውን በግ ገድለውበታል። ስለዚህ ጭራቁ ተበዳይ ሆኖ ይዘፍናል። ዜማው ያማረ ነው፤ ፖሊቴስ የተባለው ወዳጅ ሲሞትም ደራሲው አላቃለለውም። ይሁን እንጂ በግ በሰው መወራረዱን አልወደድሁለትም።

ሆሜር ለጭራቁ አላዘነም እንዳትሉ። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ኦዲሴዩስን በሆዱ ሥር የተሸከመው ሙክት ከመንጋው ሁሉ ኋላ ይወጣል፤ ፖሊፌሞስም ጀርባውን እየዳበሰ፥ ዛሬ ስለ ምን እንደ ዘገየ፥ ስለ ጌታው ዓይን አዝኖ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ይህ ቦታ አንጀት ይበላል። ነገር ግን ያው ሆሜር በሁለተኛው ክፍል አይጊፕቲዮስ የሚባል ሽማግሌ ያመጣል፤ ልጁን አንቲፎስን ጭራቁ በመጨረሻው እራቱ በልቶበት፥ ሦስት ልጆች ቢቀሩለትም እንባው አልደረቀም። ለጭራቁ ለማዘን የግድ በደለኛነቱን መቀነስ አላስፈለገውም።

ከእናንተም አንዱ ነገ በአክሱም ነገሠ የሚባለውን ዘንዶ አርዌን ያዘፍነው ይሆናል። ያዘፍነው፤ ብቸኝነቱንም የበላው መርዝ እንዴት እንዳቃጠለውም ይንገረን። ብቻ በተለምዶ በሚነገረው ተረት ዘንዶው ስም አለው፥ ገዳዩ አንጋቦም ስም አለው፤ ለግብር የተሰጡት ልጃገረዶች ግን ስም የላቸውም። ደራሲው ለዘንዶው ዜማ ከመፈለጉ በፊት ለአንዲቱ ስም ያውጣላት፤ እናቷም ጸጉሯን እየሠራች ለዘንዶው ስታዘጋጃት የምትዘፍነውን አስቀድሞ ይጻፍ።