ቅኔ ስለ መቁጠር

ስለ ቅኔ የጻፉ ሰዎች፥ የውጭ አገር ሊቃውንትም ሆኑ የእኛው ደራስያን፥ ውዳሴያቸውን ሁሉ በሰምና ወርቅ፥ ማለትም በላይኛው ቃልና ከሥሩ በተሰወረው ምሥጢር ላይ አፍስሰው፥ ቅኔው ወደሚቆጠርበት፥ ተማሪው የራሱን ቅኔ ወደሚፈጥርበት ዱር ሳይደርሱ ተመልሰዋል። ይልቁንም አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ሰምና ወርቅን የአማራው አነጋገርና ጠባይ መታወቂያ አድርጎ ካቀረበው ወዲህ፥ ቅኔ ምሥጢር መሸሸጊያ ብልሃት ብቻ መስሎ ቀረ። እኔ ግን ቅኔ ከሰሚው ከሚሰውረው ይልቅ ለቆጣሪው የሚገልጥለት ይበልጣል ባይ ነኝ። ደቀ መዝሙሩ ወደ ትርጓሜ መጻሕፍት ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፥ የሌላውን ሳይደግም የራሱን እንዲቆጥር አበው የሠሩት ሥርዓትም ይህንኑ ያስረዳል።

ተቃዋሚ ግን፥ ወርቁ በሃይማኖት ትምህርት አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ቆጣሪው ምን አዲስ ነገር ያገኛል ይለን ይሆናል። ለዚህ መልሱ ሰምና ወርቅ በተናባቢ ቃል ከሚጋጠሙበት ከዚያ ጠባብ ስፍራ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ «ክረምተ ኃጢአት» ብሎ ይጀምር፤ ክረምቱ ሰም፥ ኃጢአቱ ወርቅ ነው። ክረምት ካለ ዘንድ ገበሬ አይታጣምና አዳምን «ሐራሲ» ብሎ ያስከትላል። ነገር ግን ማሰሪያ አንቀጽ፥ ማለትም ነገሩን የሚቋጭ ግሥ ሲፈልግለት ነገሩ እምቢ ይለዋል፤ ለሐራሲ ክረምት ተስፋው እንጂ ጠላቱ አይደለምና፥ ሰሙን የተከተለ እንደ ሆነ ኃጢአትን ሊያመሰግን ነው! ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ፥ ሐራሲውን ትቶ ወንዝ የሞላበትን «ነጋዲ» ያመጣና «ዐጸወ» በሚለው ግሥ ያስራል፤ ክረምት የነጋዴውን፥ ኃጢአትም የአዳምን መንገድ ዘጋ። ኃጢአት ክፉ መሆኑን ጠዋትም ያውቅ ነበር፤ ክፋቱ አዝመራን እንደማጥፋት ሳይሆን ወደ ቤት እንዳይመለሱ መንገድን እንደመዝጋት መሆኑን ያወቀው ግን ማታ ነው፤ ይህንንም ያስተማረው መምህር ሳይሆን እምቢ ያለው ግሥ ነው።

ቅኔ ሁሉ እንዲህ ያስተምራል አልልም። ባለሥልጣን በተገኘበት ሁሉ እየተነሣ ሹሙን ከፀሐይ፥ ጠላቱን ከጉም የሚያመሳስለው ባለቅኔ፥ ሰሙ አስቀድሞ ተለክቶ የተሰጠው ስለ ሆነ፥ ከተቀመጠበት ሲነሣ የሚያውቀውን ያህል ሲቀመጥም ያንኑ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ማኅሌት ውስጥ ቆሞ ከመስማት ዝናብ መስማት ይሻላል። በአንጻሩ ገና ያልበሰለ ተማሪ፥ የቆጠረውን ለየኔታ ነግሮ፥ የኔታ አንዲት ግሥ ነቅለው ሌላ ሲተክሉለት ፊቱ ሲለዋወጥ ያየ ሰው፥ ዕውቀት ስትወለድ አይቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መድበሎቻችን ግን በመምህር የተቃናውን ቅኔ ከነፍቺው እንጂ ያልተቃናውን አያትሙም። ሐራሲው ነጋዲ የሆነባት ያች ማታ በአንዱም ውስጥ አትገኝም።