ፕሮፖዛል የተባለው ድርሰት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን በላብ የሚጻፈው ድርሰት ምንድን ነው ብትሉኝ ግጥም ወይም ልብ ወለድ አልላችሁም። ፕሮፖዛል ነው! ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አመሉ አይለቀውምና፣ የምርምር ገንዘብ ለማግኘት ለለጋሽ የሚጻፈው ፕሮፖዛል እጄ በገባ ቁጥር እንደ ድርሰት ነው የማነበው። እስቲ ዛሬ አብረን እንሒሰው።

መቼቱ ምንጊዜም ችግር ያለበት ሥፍራ ነው። መንዝ ይሁን ቦረና ልዩነት የለውም። አገሩ ዘፈንና ተረት፣ ሕግና ወግ የለውም፤ ያለው «ክፍተት» ብቻ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ስም የላቸውም፤ «ተጠቃሚዎች» ይባላሉ። ይሠለጥናሉ፣ ግንዛቤያቸው ይዳብራል፤ ሲከራከሩ ወይም ሲቀልዱ ግን አናያቸውም። ሴራው ደግሞ ጉድ ነው! ለዘመናት የኖረ ችግር በሦስት ዓመት ውስጥ ይፈታል። መጨረሻውም ገና ከመነሻው «የሚጠበቁ ውጤቶች» በሚል ርዕስ ይነገረናል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ገምግሞ ገንዘቡን የሚፈቅደው አንባቢ እዚህ የለማ!

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃን። ጸሐፊው መምህር ሞኝ ሆኖ አይደለም። የመንግሥት በጀት ለደመወዝ፣ ለሕንፃና ለተማሪዎች ቀለብ ሲሸነሸን ለምርምር የሚተርፈው ጥቂት ነው። መምህሩም የለጋሽ ጥሪ ይጠብቃል። ጥሪው ግን ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጥያቄውንም ይዞ ነው የሚመጣው።

አንድ የማውቀው መምህር የ«በልሃ ልበልሃ»ን ሙግት ከአዛውንት አፍ ለመሰብሰብ አስቦ ነበር። ፈንድ ሲያፈላልግ ርዕሱን መጀመሪያ ወደ «ግጭት አፈታት»፣ ቀጥሎ ወደ «መልካም አስተዳደር»፣ በመጨረሻ ወደ «አየር ንብረት ለውጥ» አዞረው። ገንዘቡ ተገኘ፤ በልሃ ልበልሃ ግን የለበትም። አዛውንቱ ደግሞ የሚመቻቸው ጥሪ እስኪወጣ ሞትን ቆይ አይሉትም።

የውጭ ገንዘብ ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የቆመው በአሜሪካ ዕርዳታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ውል የገባው የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክስ ኮሌጅ መምህራኑን እየላከ እስከ 1968 ቆየ፤ ኢትዮጵያውያንም እየሠለጠኑ ቦታውን ተረከቡ። አሥራ ስድስት ዓመት! ለጽድቅ ብቻ ተደረገ አልልም፤ ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። ግን ከሦስት ዓመቱ ፕሮጀክት ጋር አስተያዩት።

የአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆች ራሳቸውስ በምን ቆሙ? በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየክፍለ ግዛቱ ለኮሌጅ ማቋቋሚያ የሚሆን መሬት ሰጠ። መሬቱ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑ የራሱ ዕዳ አለበት። በ1887 የወጣው የሃች ሕግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የእርሻ ምርምር ጣቢያ በየዓመቱ 15 ሺህ ዶላር ቆረጠለት። ልብ በሉ፣ በየዓመቱ! ተመራማሪው ዘንድሮ ያልጨረሰውን ለከርሞ የሚቀጥልበት ገንዘብ ስለነበረው፣ ጥያቄውን ከገበሬው ማሳ ማንሣት ይችል ነበር።

እኛስ? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት እ.ኤ.አ. በ2025 ዳግም ተማርነው። የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ፣ በእሱ ገንዘብ የተንጠለጠሉ ሥራዎች በየአገሩ በመሐል ተቋረጡ። ጥፋቱን በለጋሹ ላይ ብቻ መደፍደፍ አይበቃም። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይነሣል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝነት «ገንዘብህን ራስህ ፈልግ» ማለት ብቻ ከሆነ፣ ጌታ መለወጥ እንጂ ነፃነት አይደለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከበጀቱም፣ ከገቢውም፣ ከምሩቃኑ መዋጮም አንዲት የማትነካ ገንዘብ ይለይ። ትንሽ ትሁን፣ ግን በየዓመቱ አትቅር። ዳኞቹ እዚሁ ይሁኑ፤ ፕሮፖዛሉም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ቢጻፍ ተቀባይነት ያግኝ። ያኔ ያ መምህር ርዕሱን ሳያዞር ወደ አዛውንቱ ይሄዳል። በሕይወት ከደረሰባቸው ነው ታዲያ።